ጄም5ን ለሚጀምር ሰው፦ ከማስኬዳችሁ በፊት ቁጥሩን ወረቀት ላይ

የኮምፒውተር አርኪቴክቸር ትምህርት አንድ ችግር አለበት። ሁሉም ነገር የሚያልቀው ሰሌዳ ላይ ነው። መምህሩ ፓይፕላይን (ትዕዛዞች በደረጃ እየተከታተሉ የሚፈጸሙበትን መስመር) ይስላል፣ ካሽ (ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለውን ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ) ይስላል፣ መሃል ላይ ቀስት ያስገባል። ተማሪውም ፈተና ላይ ያንኑ ስሎ ያልፋል። ከዚያ የመመረቂያ ፕሮጀክት ወይም የማስተርስ ጥናት ይመጣና “ካሹን ቀይረህ ልዩነቱን አሳይ” ይባላል። ላፕቶፕ ፈትቶ ካሽ መቀየር የለ ነገር! ፕሮሰሰሩ ላይ አብሮ የታተመ ነው። ያለው መንገድ ሲሙሌተር ነው። ፕሮሰሰሩን በሶፍትዌር አስመስሎ፣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ እየተከተለ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚቆጥር ፕሮግራም ማለት ነው።

እኔ የምኖረው አዳማ ነው። ማስተርሴን የሠራሁት ከዚሁ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ስለነበር እስካሁን ድረስ ተማሪዎች፣ የተማሪዎች ጓደኞች፣ አንዳንዴም የጓደኛ ታናሽ ወንድሞች ላፕቶፕ ታቅፈው ይመጣሉ። ጥያቄው ጄም5 ስለሚባለው ሲሙሌተር ነው፣ ሁሌም አንድ ዓይነት፤ “ጄም5 ከየት ነው የሚጀመረው?” ብዙውን ጊዜ ፍራንኮ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለን ነው የምናወራው። የምለውን ነገር ደጋግሜ ከማውራት አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የምጠይቃቸው፣ “ፓይፕላይን ሲሄድ ዓይተህ ታውቃለህ?” ብዬ ነው። ካላየ ጄም5ን ለጊዜው አቆየዋለሁ። ራይፕስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሪስክ-ፋይቭ ለሚባለው የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ቋንቋ የተሠራ ነው፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ብሮውዘር ላይም ይከፈታል። አምስቱን ደረጃዎች በሥዕል ያሳያችኋል። አንድ እርምጃ ስትነኩት ትዕዛዞቹ አንድ ደረጃ ወደፊት ሲሄዱ በዓይን ይታያል። ፎርዋርዲንግ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት እስኪጻፍ ሳይጠበቅ ለቀጣዩ ማቀበል) ያለውንና የሌለውን ፕሮሰሰር እየቀያየራችሁ አንዱን አሥር መስመር ኮድ ብታስኬዱበት፣ ሰሌዳ ላይ የተሳለው ቀስት ለምን እንደተሳለ ይገባችኋል። ካሽም አለው። ሁለት ሦስት ቀን ብትጫወቱበት አይቆጭም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትልቁ የምንሄደው።

ትልቁ ጄም5 ነው። ሁለት የቆዩ ሲሙሌተሮች ተጋብተው የወለዱት ነው፤ አንዱ የሚሺገን ዩኒቨርሲቲው ኤም5፣ ሌላው የዊስኮንሲን-ማዲሰኑ ጄምስ። ስሙም ከሁለቱ የተወሰደ ነው። በ2011 በጋራ ጽሑፍ ካስተዋወቁት ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎችም በኩባንያዎችም ዘንድ በጣም ከሚጠቀሱት የዘርፉ መሣሪያዎች አንዱ ሆኗል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ክፍያ የለውም። ኤክስ86፣ አርም፣ ሪስክ-ፋይቭ እና ሌሎችንም ያስመስላል። ውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው፤ እናንተ የምታዙት ግን በፓይተን ነው። ይህን ልብ በሉ። ጄም5 በተን ተጭኖ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። “ይህን ፕሮሰሰር፣ ይህን ካሽ፣ ይህን ሚሞሪ በዚህ አገናኝ” የሚል የፓይተን ስክሪፕት ትሰጡታላችሁ፣ እሱም ያንን ይገነባል። ማሽኑን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ መጫኑ። ሰው የሚሸሸው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብዬ ላውራ።

ሊኑክስ ያስፈልጋል። ኡቡንቱ ካላችሁ ጥሩ። ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ የሚሠራውን የሊኑክስ ሰብሲስተም፣ ደብሊውኤስኤል የሚባለውን፣ መጠቀም ይቻላል። ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የጄም5ን ፎልደር ሲ ድራይቭ ላይ አታስቀምጡት፤ በሊኑክሱ የራሱ ሆም ውስጥ ይሁን። ከሲ ድራይቭ እያነበበ ኮምፓይል ሲያደርግ እንደ ኤሊ ነው የሚጎተተው። ሁለተኛ፣ ይህ ሰብሲስተም እንዲሁ ሲተው የላፕቶፑን ራም ግማሽ ብቻ ነው የሚወስደው። ስምንት ጊጋ ካላችሁ አራት ነው የሚደርሰው ማለት ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ከፍ አድርጉለት።

ኮዱን ከጊትሃብ ስታወርዱ ሙሉ ታሪኩን አትጎትቱ። የጄም5 የጊት ታሪክ የብዙ ዓመት ክምችት ነው፤ ለጀማሪ ምንም አይፈይድም። ጊት ክሎን ስትሉ ዴፕዝ አንድ የሚለውን ጨምሩበት። የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ያመጣል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው ይህች አንዲት ቃል የጥቅል ብር ታተርፋለች። ቅርንጫፉ ደግሞ ስቴብል የሚለው ይሁን። ዴቨሎፕ የሚለው ገና እየተሠራ ያለ ነው፤ ዛሬ የሠራው ነገ ላይሠራ ይችላል።

የሚገነባው ስኮንስ በሚባል መሣሪያ ነው። “ለኤክስ86 የሚሆነውን፣ ኦፕት የሚባለውን ዓይነት ሥራልኝ” ብላችሁ ታዙታላችሁ። ዲበግ፣ ኦፕት፣ ፋስት የሚባሉ ዓይነቶች አሉ። ፋስት ፈጣን ነው ግን ሲሳሳት አይናገርም። ዲበግ ሁሉን ይናገራል ግን ያዘግማል። ኦፕት መሃል ላይ ነው፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

ከዚያ “ጄ” የሚለው ምርጫ አለ፤ በአንዴ ስንት ፋይል ኮምፓይል ይደረግ የሚለው ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ሁሉ “የኮሮችህን ቁጥር ስጠው” ይላል። እሱ ራም ለተረፈው ሰው ነው። እኛ ጋ የሚመጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ስምንት ጊጋ ናቸው፣ ጎን ለጎንም ክሮም ከነሠላሳ ታቡ ተከፍቶባቸዋል። የጄም5 ፋይሎች አንዳንዶቹ ብቻቸውን አንድ ጊጋና ከዚያ በላይ ራም ይበላሉ። ስምንት በአንዴ ስትለቁ ራሙ ያልቅና ሊኑክስ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። “ኪልድ” የምትል ቃልና “ሲሲ1ፕላስ” የምትል ስም ያለበት መልእክት ካያችሁ ኮዱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ራም ነው። ክሮምን ዝጉ፣ ቁጥሩን ወደ ሁለት አውርዱ፣ ስዋፕ (ራም ሲያልቅ ዲስኩ ላይ የሚያዝ ቦታ) ጨምሩ፣ ያንኑ ትዕዛዝ ደግማችሁ ስጡ። ስኮንስ የጨረሰውን አይደግምም፤ ከቆመበት ይቀጥላል።

ደካማ ላፕቶፕ ላይ ከሰዓታት ያላነሰ ሊፈጅ ይችላል። አዳማ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፤ ቀን ላይ ስትሞክሩ ላፕቶፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ሁሌም ማታ ነው የማስኬደው፣ ላፕቶፑንም አልጋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ባትሪው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ኮንትሮል-ሲ በሉትና ራሱ እስኪዘጋ ተዉት። እንዲህ ሲቆም የት እንደደረሰ መዝግቦ ይወጣል። በድንገት ሲጠፋበት ግን መዝገቡን ሳይጽፍ ስለሚቀር የሠራውን እንደገና ሊጀምረው ይችላል። (ዙሪያችን ኮረብታው ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ማመንጫዎች እየተሽከረከሩ እኛ ሻማ ስንፈልግ፣ እንደው ምን ይባላል? ለነገሩ ኃይሉ የሚገባው ወደ አገር አቀፉ መስመር ነው፣ ለእኛ ተብሎ አልተተከለ።)

ግንባታው ካለቀ አብሮ የመጣች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ ሄሎ ትባላለች። ቴስትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ኮምፓይል ተደርጋ ተቀምጣለች። ኤስኢ በሚባለው የፓይተን ስክሪፕት አስኪዷት። ይህ ስክሪፕት በቅርብ ጊዜ ቅጂዎች ውስጥ ዴፕሪኬትድ ወደሚል ፎልደር ተዛውሯል። ስሙን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ለመማር አሁንም አሪፍ ነው። ኤስኢ ማለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳይነሳ የእናንተን ፕሮግራም ብቻ የሚያስኬድበት ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ “ፋይል ክፈትልኝ፣ ጽሑፍ አሳይልኝ” ሲል ሊኑክስን ተክቶ ጄም5 ራሱ ይመልስለታል።

“ሄሎ ወርልድ” ትላለች። ቀጥሎ “በዚህ ቲክ ላይ ወጣሁ” የሚል መስመር ይመጣል። ቲክ የጄም5 የጊዜ መለኪያ ነው፤ ካልቀየራችሁት አንድ ቲክ አንድ ፒኮሰከንድ ነው። የዚህ ስክሪፕት ፕሮሰሰር ዝም ሲባል በ2 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ አንድ ሳይክል 500 ቲክ ነው። ቁጥሩ ግዙፍ ሲሆን ብዙ የቆየ እንዳይመስላችሁ። በአስመሳዩ ዓለም ውስጥ ያለፈው ጥቂት ማይክሮሰከንድ ነው።

እዚህ ጋ የሚምታታ ነገር አለ። ኤም5አውት የሚባል ፎልደር ይፈጠራል። ውስጡ ስታትስ የሚባል ፋይል አለ፤ በሺህ የሚቆጠር መስመር ሊኖረው ይችላል። መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ሰከንዶች ታያላችሁ፤ አንዱ ሲም ሰከንድስ፣ ሌላው ሆስት ሰከንድስ። ሲም የሚለው እናንተ የሠራችሁት ምናባዊ ፕሮሰሰር የፈጀበት ጊዜ ነው። ሆስት የሚለው የእናንተ ላፕቶፕ ያንን ለማስመሰል የለፋበት ጊዜ ነው። ሪፖርት ላይ የሚገባው ሲም ነው። “የእኔ ዲዛይን 40 ሰከንድ ፈጀ” ብሎ ሆስቱን የጻፈ ጥናት አንብቤያለሁ። ያ ልጅ የለካው የራሱን ላፕቶፕ ነው፤ ከጎኑ ዩቲዩብ ተከፍቶ ከነበረ እሱንም ጭምር።

ሌላው ኮንፊግ የሚለው ፋይል ነው። ማንም አይከፍተውም፤ እኔ ግን ከስታትስ በፊት የምከፍተው እሱን ነው። የጠየቃችሁትን ሳይሆን በትክክል የተገነባውን ማሽን ይዘረዝራል። ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ነው? ካሽ አለው? መጠኑስ? ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ አንድ ወሬ ልንገራችሁ።

አንዲት ተማሪ መጣች። “ወንድሜ፣ የዳታ ካሹን ከ16 ኪሎባይት እስከ 256 ድረስ አሳደግኩት። ሰዓቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲሙሌተሩ ተበላሽቶ ይሆን?” አለችኝ። ኮንፊጉን ከፈትን። ካሽ የሚባል ነገር የለም! በዚህ ስክሪፕት ላይ የካሹን መጠን መስጠት ብቻውን ካሽ አይሠራም። ካሽስ የሚለውን ምርጫ ለይታችሁ ካልጨመራችሁ መጠኑን ተቀብሎ ዝም ይላል፣ ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ከሚሞሪ ጋር ያገናኘዋል። ቅሬታም የለው፣ ማስጠንቀቂያም የለው። ጨመርነው። አሁን ሚስ ሬቱ (ከተፈለገው ዳታ ካሹ ውስጥ ያልተገኘው ድርሻ) መጣ፣ ካሹ ሲያድግም ቀነሰ። ሰዓቱ ግን አሁንም እዚያው!

“እሺ፣ አሁንስ?” አለች። እንደገና ኮንፊግ። ፕሮሰሰሩ አቶሚክ ሲምፕል ይላል። ምንም ካልመረጣችሁ ስክሪፕቱ የሚሰጣችሁ እሱን ነው። አቶሚክ የሚባለው ሚሞሪ ላይ ያለውን ነገር ወዲያው እንዳገኘው አድርጎ ነው የሚሄደው። ካሹ ውስጥ አገኘ፣ አላገኘ ይመዘግባል፤ ባለማግኘቱ ግን አይቆምም። ለፍጥነት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጊዜ ለመለካት አልተፈጠረም። ታይሚንግ ሲምፕል የሚባለውን ስንመርጥ ሰዓቱ ከካሹ ጋር አብሮ መውረድ ጀመረ።

እንግዲህ የፕሮሰሰር ዓይነቶቹን በዚሁ ልጨርስ። አቶሚክ ለመፍጠን ነው። ታይሚንግ ሲምፕል ሚሞሪን ይጠብቃል፤ ፓይፕላይን ግን የለውም። ማይነር የሚባለው ፓይፕላይን ያለው፣ ትዕዛዞቹን በተራ የሚያስኬድ ነው። ኦ3 ደግሞ ተራ ሳይጠብቅ የተዘጋጀውን ትዕዛዝ የሚያስቀድም፣ ወደ ዘመናዊ ፕሮሰሰር የሚጠጋ ነው። በጣም ያዘግማል። ላፕቶፕ ላይ በሰከንድ ሁለት መቶ ሺህ ትዕዛዝ ገደማ ካስኬደ ደህና ነው በሉ። በዚህ ፍጥነት አንድ ቢሊዮን ትዕዛዝ 5,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አልፎ። እውነተኛ ፕሮሰሰር ግን አንድ ቢሊዮኑን ከሰከንድ በታች ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ “ሙሉ ጌም ላስኪድበት” የሚል ሐሳብ ያለው ሰው ካለ ከአሁኑ ይተወው።

አሁን የምወደው ክፍል። ለጀማሪ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው።

ሁለት ማትሪክስ የሚያባዛ የሲ ፕሮግራም ጻፉ፤ 128 በ128፣ ደብል ቁጥር፣ የተለመደው ሦስት ሉፕ። አይ፣ ጄ፣ ኬ። ድምሩን በአንድ ተለዋዋጭ ያዙና በመጨረሻ ብቻ ወደ ሦስተኛው ማትሪክስ ጻፉት። በኦ2 (የኮምፓይለሩ የማፍጠኛ ደረጃ ነው) ኮምፓይል አድርጉ፤ ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ የሚያስገባውን፣ ስታቲክ የሚለውን ጨምሩበት፤ አለዚያ ኤስኢ ላይ ላይብረሪ ፍለጋ ይገባል። ማርች ኔቲቭ የሚለውን ግን አትጨምሩ። ላፕቶፓችሁ የሚያውቃቸውን ጄም5 ግን የማያውቃቸውን ኤቪኤክስ ትዕዛዞች ያስገባና ይወድቅባችኋል።

አሁን አታስኪዱት። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ።

አንድ ደብል 8 ባይት ነው። አንድ የካሽ መስመር 64 ባይት ነው፤ ስለዚህ 8 ደብል ይይዛል። የማትሪክሱ አንድ ረድፍ 128 ጊዜ 8፣ 1,024 ባይት ነው። በመስመር ሲቆጠር 16። ማትሪክሱ ሙሉው 128 ኪሎባይት። የዳታ ካሻችን 32 ኪሎባይት፣ ባለ 8 መንገድ ነው እንበል። 512 መስመር አለው፣ በ64 “ሴት”፣ ማለትም ቡድን፣ የተከፈለ። ተከታታይ መስመሮች በተራ በተለያየ ሴት ይገባሉ፤ አንድ ሴት 8 መስመር ብቻ ይይዛል፣ 8 መንገድ ማለትም ይኸው ነው።

የውስጠኛው ሉፕ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ነገር ያነባል። ከመጀመሪያው ማትሪክስ በረድፍ፣ ከሁለተኛው በዓምድ። የረድፉ ቀላል ነው፤ 16 መስመር ብቻ ስለሆነ ካሽ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ጣጣው ዓምዱ ላይ ነው። ወደ ታች አንድ በወረድን ቁጥር 16 መስመር እንዘላለን። ከ64ቱ ሴቶች በ16 እየዘለልን ስንሄድ የምንነካው አራቱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ስድሳዎቹ ለዓምዱ ምንም አይጠቅሙም። አራት ሴት በ8 መንገድ 32 መስመር ነው። ዓምዱ ግን 128 መስመር ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ታች ወርደን ስንጨርስ የላይኞቹ ተባረዋል። ቀጣዩ ዓምድ ያንኑ መስመር ሊጠቀም ይችል ነበር፤ መጥቶ ሲፈልገው የለም። የዓምዱ ንባብ ሁሉ ሚስ፣ የረድፉ ንባብ ሁሉ ማለት ይቻላል ሂት (ካሹ ውስጥ ተገኘ)። ከሁለቱ አንዱ ሚስ ከሆነ ሚስ ሬቱ ግማሽ አካባቢ መሆን አለበት። 0.5 ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሉ። ካሹን ወደ 64 ኪሎባይት ብናሳድገውስ? መንገዱ 8 እንዳለ ሴቱ 128 ይሆናል፤ ዓምዱ የሚነካው 8 ሴት፣ 64 መስመር። አሁንም ከ128 ያንሳል። ካሹ ከተነካ የቆየውን መስመር አስቀድሞ የሚያባርር ስለሆነ 64 መስመር ይዞ 128 እየዞሩ መፈለግ ምንም አያተርፍም፤ ሁሌም የሚባረረው ቀጥሎ የሚፈለገው ነው። ስለዚህ ግምቱ፦ ካሹ እጥፍ ሆነ፣ ለውጥ የለም። 0.5።

ሦስተኛ ጥያቄ። ካሹን 32 ላይ ትተን የሁለተኛውን ማትሪክስ ረድፍ ከ128 ወደ 136 ብናሰፋውስ? የተጨመሩት 8 ደብሎች አይነበቡም፤ ቦታ ለመያዝ ብቻ ናቸው። አሁን አንድ ረድፍ 1,088 ባይት፣ 17 መስመር ሆነ። በ17 እየዘለልን ስንሄድ 64ቱንም ሴቶች እናዳርሳለን። 128ቱ መስመር በየሴቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ይቀመጣል፤ ቦታው 8 ነው፤ ተረፈ! ስለዚህ አንዴ የመጣ መስመር ለስምንት ዓምድ ያገለግላል። የዓምዱ ንባብ ከስምንት አንዴ ብቻ ይስታል። ከጠቅላላው ንባብ ሲሰላ ከ16 አንዱ፤ 0.06 አካባቢ።

አሁን አስኪዱ። ፕሮሰሰሩ ታይሚንግ ሲምፕል ይሁን፤ በኦ3 ላይ ብዙ ጥያቄዎች ተደራርበው ስለሚሄዱ አቆጣጠሩ ትንሽ ይዛባባችኋል። የውስጠኛው ሉፕ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ነው የሚዞረው፤ ሻይ አዛችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። ስታትስ ውስጥ በዲካሽ (በዳታ ካሹ) ስር ኦቨርኦል ሚስ ሬት የሚለውን ፈልጉ። ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ፕሮግራሙ ሲነሳና ማትሪክሱን ሲሞላ የሚያነበውም ስለሚቆጠር ልክ በልክ አይመጣም። ግን 0.5ን እና 0.06ን የሚያምታታ ልዩነት አይሆንም።

ያቺ ተማሪ ወረቀቷ ላይ 0.5 ጽፋ ቁጥሩ ከስክሪኑ ላይ ሲወጣ ያየሁት ፊት ሌላ ነበር። ከዚያ በራሷ “128 ኪሎባይትስ?” አለች። አስሉት። ዓምዱ ልክ 128 መስመር ያገኛል፣ አንድም ትርፍ የለም፤ የረድፉም መስመሮች በመሃል ገብተው ይጋፋሉ። ምን ይሆናል? እዚህ አልናገርም። የወረቀት ሥራው የሚጥመው እዚህ ጋ ነው።

ግምት ሳይጻፍ የሚሄድ ሙከራ ላይ የማልስማማው ለዚህ ነው። ሲሙሌተር ምንም ብትሰጡት ቁጥር ያወጣል። ካሽ በሌለው ማሽን ላይም ያወጣል፣ በተሳሳተ ፕሮሰሰር ላይም ያወጣል። ስድስት ዲጂት ያለው ቁጥር ሲያዩ ሰዎች ያምናሉ። ወረቀታችሁ ላይ የሆነ ነገር ካለ ግን ሲለያይ ትጠይቃላችሁ። ወይ እናንተ ያልገባችሁ ነገር አለ፣ ወይ ማሽኑ ያሰባችሁት ማሽን አይደለም። ሁለቱም ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ጥቂት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር።

የትዕዛዙ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ለጄም5 ለራሱ የሚሰጡ ምርጫዎች ከስክሪፕቱ ስም በፊት ይገባሉ፤ ለስክሪፕቱ የሚሰጡት ከስሙ በኋላ። የውጤት ፎልደሩን የሚወስነው አውትዲር የጄም5 ነው፣ ከፊት። የፕሮሰሰሩ ዓይነትና የካሹ መጠን የስክሪፕቱ ናቸው፣ ከኋላ። ሲቀያየሩ “አላውቀውም” ይላችኋል፤ ምርጫው የሌለ ይመስላችኋል።

አውትዲርን ደግሞ ሁሌም ተጠቀሙ። ካልተጠቀማችሁ እያንዳንዱ ሙከራ ኤም5አውት ላይ እየደረበ የበፊቱን ያጠፋዋል። የፎልደሩ ስም ራሱ ሙከራውን ይናገር፤ ፕሮሰሰሩ፣ የካሹ መጠን፣ ረድፉ ሰፍቷል አልሰፋም። አማካሪያችሁ ከወር በኋላ “ይህ ቁጥር ከየት መጣ?” ሲል ፎልደሩን ከነኮንፊጉ ታወጣላችሁ።

ፕሮግራሙ የሚለካው ክፍል ትንሽ፣ ዝግጅቱ ግን ረጅም ከሆነ ኤም5 ኦፕስ የሚባሉትን ተማሩ። ሲ ኮዳችሁ ውስጥ “ከዚህ ጀምረህ ቁጠር”፣ “እስከዚህ የቆጠርከውን ጻፍ” የሚሉ ጥሪዎች ናቸው። ማትሪክሱን መሙላት ከቆጠራው ይወጣል ማለት ነው። ያኔ 0.5ም ይበልጥ ይጠጋላችኋል።

ውስጡን ማየት ሲያስፈልግ ዲበግ ፍላግስ አለ። ኤክሴክ የሚለውን ስታበሩ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከነቲኩ ይጽፍላችኋል። ለሄሎ ሞክሩት። ለማትሪክሱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አትክፈቱት፤ ሃርድ ዲስክ ይሞላል። ከዚህ ቲክ ጀምር፣ እዚህ አቁም ማለት ይቻላል።

ኤፍኤስ ስለሚባለው ስለ ሙሉ ሲስተሙ ብዙ አልልም። ሊኑክስ ራሱ በምናባዊው ማሽን ላይ የሚነሳበት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚነካው ጥናት ካላችሁ ያስፈልጋል፤ ለካሽና ለብራንች ፕሪዲክተር (ፕሮግራሙ ቀጥሎ ወደየት እንደሚዘል የሚገምተው የፕሮሰሰር ክፍል) ጥናት ኤስኢ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከገባችሁበት ግን ሊኑክሱን በፈጣኑ ፕሮሰሰር አስነስታችሁ፣ ቼክፖይንት (ማሽኑ በዚያ ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ) ይዛችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ በኦ3 ማስኬድ ልመዱ። በየሙከራው ከዜሮ ማስነሳት ዕድሜ መጨረስ ነው። የዲስክ ኢሜጁ ጊጋዎች ስለሚሆን አንድ ሰው ፈጣን ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዶ ያውርድና በፍላሽ ተቀባበሉት። ሲቀባበሉት የጄም5 ቅጂያችሁ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአንዱ ቅጂ የተያዘ ቼክፖይንት ሌላው ላይ ላይነሳ ይችላል።

እኔ ጋ ስትመጡም ላፕቶፑን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ኮንፊጉን፣ ስታትሱን፣ የሰጣችሁትን ትዕዛዝ እንዳለ፣ የጠበቃችሁትንም ቁጥር ይዛችሁ ኑ። ቡናው በእኔ ነው።